ከቬንቲሌተሩ በፊት ያሉት ደቂቃዎች፦ ቱቦው አልገባ ሲል ምን ይፈጠራል?

ኮቪድ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. አገራችን ሲገባ ሁላችንም አንድ አዲስ ቃል ተማርን፦ ቬንቲሌተር። ስንት አለን? ስንት መጣ? ማን ረዳን? ፌስቡክ ላይ ሁሉም ሰው የሕክምና መሣሪያ ቆጣሪ ሆኖ ነበር። ካርቶን ከአውሮፕላን ሲወርድ የሚያሳይ ፎቶ ስንቶቻችን ነን ያጋራነው? እኔም አጋርቻለሁ።

ያኔ ግን ብዙ ሰው ያልጠየቀው ጥያቄ ነበር። ማሽኑ አየር የሚልከው በቱቦ ነው። ቱቦው ደግሞ በበሽተኛው አፍ ገብቶ፣ በድምፅ አውታሮቹ መሀል አልፎ፣ የአየር ቧንቧው ውስጥ መቀመጥ አለበት። ባለሙያዎቹ ኢንቱቤሽን ይሉታል። ይሄን የሚሠራው ማሽን ሳይሆን የሰው እጅ ነው። እሺ፣ ያ እጅ ቢያቅተውስ?

አስቀድሜ ልናገር፣ ሐኪም አይደለሁም፣ ዲግሪም የለኝም። በዚህ ጉዳይ ማንበብ የጀመርኩት በአክስቴ ምክንያት ነው። አክስቴ ለዓመታት አንገቷ ላይ የተሸከመችው ትልቅ እንቅርት ነበራት፤ በመጨረሻ ኦፕራሲዮን እንድትሆን ተወሰነ። ከዋዜማው ማታ አንድ ወጣት የአንስቴዥያ ባለሙያ አልጋዋ ድረስ መጣ። "እትዬ፣ እስቲ አፍዎን ይክፈቱ። ምላስዎን ያውጡ። አንገትዎን ወደ ኋላ ያድርጉ። በጀርባዎ ተኝተው ትንፋሽ ያጥርዎታል? ድምፅዎ ተቀይሯል?" እያለ ጠየቃት። ሲወጣ አክስቴ ሳቀች፦ "እኔ አንገቴን አመመኝ ስል እሱ ጥርሴን ይቆጥራል!"

ልጁ ግን ቀልድ ላይ አልነበረም። እንቅርት ሲተልቅ የአየር ቧንቧን ይጫናል፣ ወደ ጎን ይገፋል። አፏ ሲከፈት በውስጥ የሚታየው ምን ያህል እንደሆነ ማየት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ማላምፓቲ በሚባል ሐኪም ስም የሚታወቅ ምርመራ ነው። ነገ ጠዋት ቱቦው ያስቸግር እንደሆነ በዋዜማው ለመገመት እየሞከረ ነበር።

ችግሩ ግምቱ ብዙ ጊዜ አለመሥራቱ ነው። በዴንማርክ ከ188 ሺህ በላይ በሽተኞችን መዝገብ ያየና በ2015 የወጣ ጥናት አለ። ቱቦ ማስገባት ከባድ ከሆነባቸው ሰዎች ውስጥ 93 በመቶ የሚሆኑት አስቀድሞ "ይሄ ይከብዳል" ያልተባሉ ነበሩ። 93! ይሄ ደግሞ ጊዜ ተወስዶ፣ በሽተኛው በደንብ ታይቶ ነው። በሞተር አደጋ መንጋጋው ተሰብሮ፣ አፉ ደም ሞልቶ፣ አንገቱ ታስሮ፣ በልቶ በሞላ ሆድ ድንገተኛ ክፍል ለገባ ልጅ የዋዜማ ምርመራ የሚባል ነገር የለም።

ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው መቼ ነው?

በድንገተኛ ጊዜ በአብዛኛው ሁለት መድኃኒት ይሰጣል። አንዱ ያስተኛል፤ እኛ አገር ኬታሚን በጣም የተለመደ ነው። ሌላው ጡንቻን ያዝላል። ሁለተኛው እንደገባ በሽተኛው በራሱ መተንፈስ ያቆማል። ከዛች ሰከንድ ጀምሮ የሚኖረው ሳንባው ውስጥ በቀረው ኦክስጅን ነው።

የምንተነፍሰው ተራ አየር ኦክስጅኑ 21 በመቶ ብቻ ነው። ሳንባ በዚህ ብቻ ተሞልቶ ትንፋሽ ከቆመ፣ በአንድ ደቂቃ አካባቢ የደም ኦክስጅን መውረድ ይጀምራል። አስቀድሞ ለሦስት ደቂቃ ያህል በጭምብል ንጹሕ ኦክስጅን የተሰጠው ጤነኛ አዋቂ ግን እስከ ስምንት ደቂቃ ሊቆይ ይችላል። ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃን፣ ለወፍራም ሰው፣ ሳንባው ለታመመ ሰው ከዚህ በጣም ያነሰ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቴክኒክ ከቱቦው በፊት ያለው ነው። ኦክስጅን መሙላት። ጭንቅላቱን በትራስና በአንሶላ ከፍ አድርጎ የጆሮው ቀዳዳና የደረቱ አጥንት ላይኛው ጫፍ ትይዩ እንዲሆኑ ማድረግ። በአፍንጫ የሚገባውን ኦክስጅን ቱቦው እስኪገባ አለማንሳት። የመምጠጫውን ማሽን አብርቶ ትራስ ሥር ማዘጋጀት። ከዚህ ውስጥ ውድ የሆነ የለም፤ ግን ስንቸኩል መጀመሪያ የምንዘለው እሱን ነው።

ሦስት አንጋፋ ሐኪሞች፣ አንዲት እናት

አሁን ወደ እንግሊዝ ልውሰዳችሁ። በዚህ ሙያ ውስጥ በብዙ አገር ሰው የሚማርበት ታሪክ ነው።

ማርች 29፣ 2005። ኢሌን ብሮሚሊ የምትባል የ37 ዓመት ሴት፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ለተራ የሳይነስ ኦፕራሲዮን ትገባለች። ጤነኛ ናት። ሰመመኑ ይሰጣታል፤ ከዛ መንጋጋዋ ጠንክሮ ጉሮሮ ላይ የሚቀመጠው ለስላሳ ጭምብል አልገባ ይላል። በጭምብልም አየር ለመስጠት ይሞከራል፣ አይበቃም። በጥቂት ደቂቃ የደም ኦክስጅኗ ከ40 በመቶ በታች ይወርዳል። የኔና የናንተ አሁን 95ና ከዛ በላይ ነው።

አሥር ደቂቃ አካባቢ ሲሆን ነገሩ የለየለት ነበር፦ ቱቦ አይገባም፣ አየርም አይደርስም። ለዚህ ሁኔታ መመሪያ አለ፤ በ2004፣ ማለትም ከአንድ ዓመት በፊት፣ በዛው አገር ታትሟል። አንገትን ከፊት ቀዶ በዛ በኩል ኦክስጅን ማስገባት። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ልምድ ያላቸው የአንስቴዥያ ሐኪሞችና አንድ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ቀዶ ሐኪም ነበሩ። አንገት መቅደድ የማይችል ሰው አልነበረም።

እነሱ ግን ቱቦውን ሞከሩ። ደግመው ሞከሩ። መሣሪያ ቀይረው ሞከሩ። አንዷ ነርስ የአንገት መቅደጃውን ዕቃ አምጥታ "እዚህ አለ" አለች፤ ማንም አልመለሰላትም። ሌላዋ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ደውላ አልጋ አስያዘች፤ ተመልሳ ስትናገር "ምን ያጣድፍሻል" በሚል ዓይን ስላዩዋት አልጋውን ሰረዘችው። በ35ኛው ደቂቃ አካባቢ ሙከራው ቆመና እንድትነቃ ተወሰነ። አልነቃችም። ከ13 ቀን በኋላ አረፈች።

ባሏ ማርቲን ብሮሚሊ የአውሮፕላን አብራሪ ነው። "ምርመራው መቼ ይደረጋል?" ብሎ ጠየቀ። በእሱ ሙያ አውሮፕላን ሲወድቅ ምርመራ ግዴታ ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ ግን እንደዛ አይነት ልማድ እንደሌለ ሲሰማ ደነገጠ። ገፍቶ ገለልተኛ ምርመራ አስደረገ። ማንንም ለማሳሰር አልነበረም። በ2007 ስለ ሰው ስህተትና ስለ ሕክምና ደኅንነት የሚሠራ ቡድን መሠረተ፤ የሚስቱን ታሪክም ሐኪሞች እንዲማሩበት በቪዲዮ አወጣው። ዩቲዩብ ላይ አለ፣ ፈልጋችሁ እዩት።

ከምርመራው የወጣው ዋና ነገር ሐኪሞቹ አያውቁም ነበር የሚል አይደለም። ያውቁ ነበር። አእምሯቸው "ቱቦ" ላይ ተቸነከረ። ሰዓቱን ረሱ። የበሽተኛዋ ችግር ቱቦ አለመግባቱ ሳይሆን ኦክስጅን ማጣቷ መሆኑን ረሱ። ነርሶቹ ደግሞ ምን መደረግ እንዳለበት ገብቷቸው ነበር፤ እንዴት እንደሚናገሩት ነው ያላወቁት።

ስልካችሁ ሻርጀር አልይዝ ሲላችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ነቅላችሁ ትሰካላችሁ። እንደገና። ገልብጣችሁ እንደገና። ሌላ ሶኬት ከጎናችሁ መኖሩ ትዝ የሚላችሁ ከስንተኛው በኋላ ነው? ውጥረት ውስጥ ያለ ጭንቅላት እንደዛ ነው፤ የሐኪምም ቢሆን።

ታዲያ ምን ተቀየረ?

የእንግሊዞቹ የአስቸጋሪ አየር መንገድ ማኅበር መመሪያውን በ2015 አድሶ ሲያወጣ ትልቁ ነገር ቁጥር ነበር። ቱቦውን ቢበዛ ሦስት ጊዜ ሞክር፤ ከአንተ የተሻለ ልምድ ያለው ሰው ከመጣ አንድ ጊዜ ይጨመር። አልሆነም? በግልጽ ድምፅ "አልተቻለም" በል። ከዛ ጉሮሮ ላይ ወደሚቀመጠው ጭምብል እለፍ። እሱም ካልሆነ የፊት ጭምብሉን ለመጨረሻ ጊዜ ሞክር። እሱም እምቢ ካለ ምላጭ።

ምላጩ የት ነው የሚያርፈው? ጣታችሁን ማንቁርታችሁ ላይ አድርጉና ቀስ ብላችሁ ወደ ታች አንሸራቱ። ትንሽ ጎድጎድ ያለች ለስላሳ ቦታ ታገኛላችሁ፣ ከሥሯ ደግሞ ጠንካራ ቀለበት አለ። ያቺ ጎድጓዳ ቆዳና ስስ ሽፋን ብቻ ናት፤ ከኋላዋ ቀጥታ የአየር ቧንቧ ነው። (ቤት የሚሞከር ነገር አይደለም፣ አደራ።) የ2015ቱ መመሪያ ለዚህ የሚጠይቀው ሦስት ዕቃ ነው፦ ምላጭ፣ ቡዢ የሚባል ቀጭን መሪ ዘንግ፣ ቀጠን ያለ ቱቦ። ድሮ ብዙዎች በምላጭ ፈንታ ወፍራም መርፌ ይመርጡ ነበር፤ በ2011 የወጣው ትልቁ የእንግሊዝ ኦዲት ግን የመርፌው ዘዴ ከተሞከረባቸው 60 በመቶ ያህሉ ላይ እንዳልሠራ አሳየ።

የሚከብደው መቁረጡ አይደለም፤ መቁረጥን መወሰን ነው። አንድ ሐኪም በሙሉ የሥራ ዘመኑ ይሄን ላያደርግ ይችላል። ስለዚህ "ሦስቴ ሞክሬ አልሆነም" የሚለው ቁጥር የሚጠቅመው ውሳኔውን ከሰውየው ጫንቃ ላይ አንስቶ ሕጉ ላይ ስለሚጥል ነው። በኔ እይታ ከመሣሪያ ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው፤ ወጪውም አንድ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ወረቀትና ልምምድ ነው።

መሣሪያ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቪዲዮ ላሪንጎስኮፕ አሁን በዓለም ላይ በፍጥነት እየተስፋፋ ነው። በ2023 የወጣ የአሜሪካ ጥናት በ17 የድንገተኛና የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ከ1,400 በላይ በሽተኞችን ያካተተ ነበር፤ በመጀመሪያው ሙከራ የተሳካው በካሜራው 85.1 በመቶ፣ በተለመደው 70.8 በመቶ ሆነ። ልዩነቱ ስለጎላ ጥናቱ ከታሰበው ቀድሞ ቆመ። ዋጋው ግን እኛን ያስጨንቃል፤ ባትሪው፣ ሊቀየር የሚገባው ምላሱ፣ ሲበላሽ ጠጋኙ።

ቡዢ ደግሞ የላስቲክ ዘንግ ናት፣ ጫፏ ትንሽ ጎበጥ ያለ። የድምፅ አውታሮቹ በደንብ ባይታዩም በግምት ታስገባታለህ፤ የአየር ቧንቧው ቀለበቶች ላይ ቆርቆር ስትል እጅህ ይሰማዋል፤ ከዛ ቱቦውን በላይዋ ታንሸራትታለህ። በ2018 አንድ የአሜሪካ ሆስፒታል አስቸጋሪ በሆኑ በሽተኞች ላይ በመጀመሪያ ሙከራ በቡዢ 96 በመቶ፣ ያለሷ 82 በመቶ ተሳካልኝ አለ። ሰው ሁሉ ተደሰተ። በ2021 ግን በብዙ ሆስፒታሎች ሲደገም ልዩነቱ ጠፋ፤ 80.4 በመቶ ከ83 በመቶ። ለምን? አንዱ አሳማኝ ማብራሪያ የመጀመሪያው ሆስፒታል ሰዎች ቡዢን በየቀኑ የሚጠቀሙ መሆናቸው ነው። ዕቃው ያው ነው፣ እጁ ነው የተለየው። መሣሪያ በእርዳታ መጥቶ ሥልጠና ሳይመጣ ሲቀር የሚሆነውን እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን አይደል?

ቱቦው ገባ። ግን የት?

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የማያውቀው አደጋ ያለው። የአየር ቧንቧና የምግብ ቧንቧ ጎን ለጎን ናቸው። ቱቦው ተሳስቶ የምግብ ቧንቧ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ይሄ ለጎበዝም ይደርሳል። አውቆ ማውጣት ነው። ካላወቁት በሽተኛው ቱቦ አፉ ውስጥ እያለ፣ ማሽን እየነፋለት፣ ሆዱ ውስጥ አየር እየገባ ይሞታል።

እንዴት ይታወቃል? በማዳመጫ ማዳመጥ ያሳስታል። የደረት መነሳት ያሳስታል። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ደግሞ ዘግይቶ ነው የሚናገረው። የማይዋሸው ከሳንባ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ከሆድ እንደዛ አይነት የማያቋርጥ ሞገድ አይወጣም። ካፕኖግራፍ የሚባለው መሣሪያ እያንዳንዱን ትንፋሽ በስክሪን ላይ እንደ ኮረብታ ይሥለዋል። ኮረብታ ካለ ሳንባ ውስጥ ነህ። መስመሩ ከተኛ ተሳስተሃል ብለህ ጀምር። የእንግሊዝ የአንስቴዥያ ሐኪሞች ኮሌጅ ይሄን "ሞገድ ከሌለ ቦታው ተሳስቷል" በሚል ሐሳብ ዘመቻ አድርጎታል።

የ2011ዱ ኦዲት በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ከአየር መንገድ ጋር በተያያዘ ከሞቱት ውስጥ ከ70 በመቶ በላይ በሚሆኑት ካፕኖግራፍ አለመኖሩ ወይም አለመጠቀሙ ሳያግዝ አልቀረም ብሎ ነበር። ይሄ እንግሊዝ ነው። ወደ ማላዊ እንምጣ። ማላዊ ውስጥ የኦፕራሲዮን ክፍሎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ካፕኖግራፍ አልነበራቸውም። በአንድ ፕሮጀክት 40 ማሽን ተሰጠ፣ ባለሙያዎቹ ሠለጠኑ። በ2019 የታተመው ውጤት በቀጣዮቹ ወራት 44 ጊዜ ቱቦ በምግብ ቧንቧ ውስጥ እንደገባ በማሽኑ ታወቀ ይላል። አርባ አራት። ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት በነበሩት ወራትስ ስንት ነበር? ማን ቆጠረ? "በኦፕራሲዮን ላይ ልቡ ቆመ" ተብሎ የተቀበረው ስንቱ ነው?

ማሽኑ ብቻም አይበቃም። በ2020 እንግሊዝ ሚልተን ኪንስ ውስጥ አንዲት የ61 ዓመት ሴት ለትርፍ አንጀት ገብታ ቱቦው ተሳስቶባት ሞታለች። ስክሪኑ ነበር። መስመሩም ተኝቶ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ግን ሌላ ምክንያት እየፈለጉ ነበር።

እኛ ጋ

በኢትዮጵያ አንስቴዥያ በአብዛኛው የሚሰጡት ስፔሻሊስት ሐኪሞች ሳይሆኑ በሙያው የሠለጠኑ አንስቴቲስቶች ናቸው። ከአዲስ አበባ ሲወጣ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ሌሊት ተረኛ ሊሆን ይችላል። "ልምድ ያለው ሰው ጥራ" የሚለው የመመሪያው መስመር እሱ ጋ ሲደርስ ባዶ ነው። ለዚህ ሰው ቡዢ፣ የጉሮሮ ጭምብል፣ ምላጭና ካፕኖግራፍ በአንድ ሳጥን ተደርገው ክንዱ ሥር መኖራቸው ቅንጦት አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥም ቢሮ ያለው ላይፍቦክስ የኦክስጅን መለኪያዎችን ለዓመታት ሲያከፋፍል ቆይቷል፤ ከስማይል ትሬይን ጋር ሆኖም ለእንደኛ አይነት አገር የሚሆን ካፕኖግራፍ ላይ ሠርቷል። መንገዱ ተከፍቷል ማለት ነው። ቀጣዩ የእርዳታ ፎቶ ሲለጠፍ "ስንት ቬንቲሌተር?" ብቻ ሳይሆን "ስንት ካፕኖግራፍ?" ብላችሁ ኮሜንት ላይ ጠይቁልኝ።

ሁለተኛው ነገር አፍ ነው። የኢሌንን ነርሶች አስቧቸውና አዲስ አበባ አምጧቸው። የ23 ዓመት ሲስተር የ55 ዓመት ስፔሻሊስትን "ይበቃል፣ አንገቷን ይቅደዱ" ልትል ነው። ቋንቋችን ራሱ አያስቸኩላትም፦ "ይቅርታ ዶክተር፣ ማለቴ፣ ባይሆን እኮ ምናልባት…" ትሕትናው ሳያልቅ ሠላሳ ሰከንድ ያልቃል። አቪዬሽን ይሄን በደም ነው የተማረው። በ1977 ቴኔሪፍ ላይ ሁለት ጃምቦ ጄቶች ተጋጭተው 583 ሰው ሲያልቅ፣ የአንዱ አውሮፕላን መሐንዲስ ማኮብኮቢያው ላይ ሌላ አውሮፕላን ይኖር እንደሆነ ጠይቆ ነበር፤ ካፒቴኑ አላዳመጠውም። ከዛ ወዲህ ረዳት አብራሪ ካፒቴኑን እንዴት እንደሚያስቆም ሥልጠና ይሰጠዋል፤ ቃሉ ሳይቀር ይሰጠዋል። ሲስተሯም ቃሉ ቢሰጣት ምን አለበት? "ዶክተር፣ ሦስተኛ ሙከራ ነው። ሳቹሬሽን 60።" ስድብ የለበትም። ቁጥር ብቻ ነው።

ለኛ ለተራው ሰው የሚሆን ትንሽ ነገርም አለ። ለኦፕራሲዮን ስትገቡ የሚነቃነቅ ወይም ሰው ሠራሽ ጥርስ ካላችሁ ተናገሩ። አትብሉ ከተባላችሁ አትብሉ፤ "ትንሽ ሻይ ብቻ" የሚባል ድብብቆሽ ይቅር። ከዚህ በፊት "ቱቦው አስቸግሮን ነበር" ተብላችሁ ከሆነ ግን ይሄን በጽሑፍ ጠይቁ።

አክስቴን ይሄን ያደረገላት ያ ጥርስ ቆጣሪ ልጅ ነው። ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ። በማግሥቱ መጥቶ በመጀመሪያው ሙከራ እንዳልታየው፣ በሁለተኛው በቡዢ እንደገባለት ነገራትና በወረቀት ጽፎ ሰጣት፦ "እትዬ፣ ሌላ ቦታ ሰመመን የሚሰጥዎት ሰው ካለ መጀመሪያ ይሄን ያሳዩት።" ወረቀቱ ይጠፋል ብዬ ፎቶ አንስቼ ቴሌግራሜ ላይ አስቀመጥኩት።

ሰሞኑን ለሐሞት ጠጠር ቀጠሮ ይዛለች። ትናንት ማታ ደወለች፦ "ያቺ ልጁ የጻፋት ወረቀት አለች አይደል? ላክልኝ እስቲ።" ላክሁላት።